ደሴትና ጀልባ፦ ለሰበታ፥ ለቡራዩና ለሱሉልታ ተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር




የዛሬው ንግግሬ ርእስ በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን አግኝተውኝ፥ «አንተ የቡራዩ ልጅ፥ ከገፈርሳ ግድብ በቀር ውኃ አይተህ የማታውቅ፥ ስለ ጀልባ ምን ልትነግረን ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰበታ ያደገ ሰው ስለ ዓሣ የሚያውቀው በከተማው በሚገኘው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አጥር በኩል ሲያልፍ ነው፤ የሱሉልታም ልጅ ቢሆን ባሕር የሚመስል ነገር የሚያየው ክረምት ገብቶ ሜዳው ላይ ውኃ ሲተኛበት ነው። ይሁን እንጂ እኛ አንድ ነገር በሚገባ እናውቃለን። ከተሞቻችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፥ ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ለመግባት፥ ማታም ከአስኮ ወደ ቡራዩ፥ ከአየር ጤና ወደ ሰበታ፥ ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ ለመመለስ በሰልፍ የምንቆመው እኛው ነን። የሕዝብ ማመላለሻ ምን ማለት እንደ ሆነ በመጽሐፍ ሳይሆን በእግራችን ተምረነዋል። ስለዚህ ስለ አንድ የሕዝብ ጀልባ የሥራ ኑሮ ለመናገርም ሆነ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ጉባኤ የሚገኝ አይመስለኝም።

ነገሩን ያነሣብኝ የጣናነሽ ወሬ ነው። በ2017 ዓ.ም. «ጣናነሽ 2» የተባለችው የመንገደኛ ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በየብስ እየተጎተተች ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ፥ ፎቶግራፏን በስልኩ ያላየ ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ርዝመቷ 38 ሜትር፥ የምትይዘውም 188 ሰው መሆኑ ተነግሯል። አንድ የሰበታ ጓደኛዬ፥ «ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እኛ ደጅ ድረስ ይመጣ የለም እንዴ? ለምን በእሱ አልጫኗትም?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ ጫፉ ሰበታ ነው። ነገር ግን ይህን የምታህል ጀልባ በፉርጎ የምትጫን ዕቃ አይደለችም። ስለዚህ በተሳቢ ላይ ተቀምጣ በመኪና ተጎተተች፤ ድልድዩም መታጠፊያውም ለእርሷ ተብሎ የተሠራ ስላልነበረ ጉዞው ወራት ፈጀ።

ስለ ጉዞዋ ብዙ ተወርቷል፤ ተስቋል፥ ተጨብጭቧልም። ስለ ሥራዋ ግን የሰማሁት ጥቂት ነው። ጀልባ በየብስ ላይ ስትሄድ ትርኢት ናት፤ ውኃ ላይ ከወረደች በኋላ ግን እንደ አውቶቡሱና እንደ ታክሲው በየቀኑ ተነሥታ መሥራት ያለባት ናት። እኔ የምናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነገር ነው፤ ይኸውም ለአንዲት ደሴት ሰው ፈጣን ጀልባ ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ነው።

በመጀመሪያ አገሩን እንየው። ጣና ርዝመቱ ወደ 84 ኪሎ ሜትር፥ ወርዱ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በውስጡ 37 ያህል ደሴቶች አሉ ይባላል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ የገዳማት መኖሪያ ናቸው። ትልቁ ደሴት ደቅ ነው። ከጎኑ ያለችው ደጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም የሚገኝባት ናት፤ በደቅ በስተ ምዕራብ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት አሠርተዋታል። እንግዳ ወደ ደቅ የሚሄደው እነዚህን ለማየት ነው። ደቅ ግን ገዳም ብቻ አይደለም። የሚያርስ፥ የሚነግድ፥ የሚጋባ፥ የሚታመም ሕዝብ ይኖርበታል፤ ይህ ሕዝብ ደግሞ ከባሕር ዳር ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ውኃ ተለይቶ ይኖራል። ርቀቱ ከዚህ እስከ ሰበታ ደርሶ እንደ መመለስ ቢቆጠር ነው። ልዩነቱ ታክሲ ያጣ የሰበታ ሰው በጨለማም ቢሆን በእግሩ መሄድ መቻሉ ነው።

ለብዙ መቶ ዓመታት የጣና ሰው ያቋርጥ የነበረው በደንገል ታንኳ ነው፤ ዛሬም ታንኳ አልጠፋም። የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች በታንኳ ሥራ የታወቁ ናቸው። ደንገሉ ተቆርጦ ይደርቃል፥ በጥብቅ ይታሰራል፥ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ታንኳ የሚንሳፈፈው እንደ ቡሽ ስለ ሆነ ቢሞላም በቀላሉ አይሰጥምም፤ ነገር ግን ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከመንገድ ሲመለስ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ዕድሜውም ጥቂት ወራት ነው። የተቀመጠበትም ሰው ሳይረጥብ አይወርድም። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺዝማን የጣናን ዳርቻና ደሴቶች ያጠናው በዚሁ ታንኳ ነው። (ይህን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1961 ዓ.ም. ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል አትላንቲክን በደንገል ጀልባ ለማቋረጥ በተነሣ ጊዜ፥ ደንገሉ የተወሰደው ከእኛው ከጣና ነበር፤ የሠሩለት ሰዎች ግን የቻድ ሐይቅ ልጆች ነበሩ። የእኛ ታንኳ ሠሪዎች ሳይጠሩ ደንገላቸው ብቻ መሄዱ እስካሁን ይቆጨኛል።)

ሞተር ያላቸው ጀልባዎች በጣና ላይ የተስፋፉት በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ነው፤ በስተ ሰሜን ያለው የጎርጎራ ወደብም ያን ጊዜ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የጣና ሐይቅ ትራንስፖርት ድርጅት የሕዝብ ጀልባ ለብዙ ዓመታት ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ በሳምንት አንድ ጊዜ ይመላለስ ነበር። እሑድ ጠዋት ይነሣል፥ ዘጌን ይነካል፥ ደቅ ይቆማል፥ ቁንዝላ ያድራል፥ በማግሥቱ ጎርጎራ ይገባል፤ ሐሙስ ደግሞ ተነሥቶ ይመለሳል። ለአገር ጎብኚ ይህ ደስ የሚል የሁለት ቀን ሽርሽር ነበር። ለደቅ ሰው ግን ወደ ሐኪም ቤት፥ ወደ ገበያ፥ ወደ ፍርድ ቤት መሄጃው በር በሳምንት አንድ ጊዜ ተከፍቶ አንድ ጊዜ የሚዘጋ ነበር ማለት ነው።

እኔ ደቅን ያየሁት በ2014 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ናርጋ ሥላሴን ለመሳለም ሄጄ ነው። የተሳፈርኩበትን ጀልባ ስም አልጠራም። ከጎኔ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ባዶ የዶሮ ቅርጫት ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ወሬ ለመጀመር ያህል፥ «እናቴ፥ ከባሕር ዳር ደቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰዓቱንስ እነሱ ያውቁታል፥ የኔ ልጅ፤ እኔ የማውቀው ሁለት ማደሪያ መሆኑን ነው» አሉኝ።

«እንዴት ሁለት ማደሪያ? ይኸው ዛሬውኑ እንደርስ የለም?»

«መድረሱንማ እንደርሳለን። ዶሮዬን ሸጬ የጨረስሁት ግን በመጣሁ ዕለት ነው። ጀልባው እስኪመለስ ሁለት ሌሊት ከዘመድ ቤት አደርሁ። ባዶ እጅ አይገባ፥ ቡናና ስኳር ይዤ ገባሁ። ከሰባቱ ዶሮ አንዷን ማደሪያው በላት በለው።»

በኪሴ ያለው ስልክ ጀልባው በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ያሳየኝ ነበር፤ እኔም ቁጥሩን ለማሳየት ቸኩዬ ነበር። ለእርሳቸው ግን ጀልባው ሦስት ሰዓት ቢሄድ ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ቢሄድ ሒሳቡ ያው ነው፤ ሁለቱ ሌሊት አይቀነስም። የእኛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አስኮ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰልፈን ስናበቃ ሚኒባሱ በሃያ ደቂቃ ቡራዩ ቢያደርሰን፥ ሹፌሩ ፈጣን ነበር ብሎ ለእናቱ የሚያወራ አለ?

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። የጀልባ ሥራ የሚጀመረው መንገደኛ ሳይመጣ ነው። መካኒኩ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሞተሩ ክፍል ይወርዳል፤ ዘይቱን ይለካል፥ ቺንጋውን ይዳስሳል፥ ሌሊት በጀልባዋ ሆድ የተጠራቀመውን ውኃ በፓምፕ ያስወጣል፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውኃ የሚገባበትን ወንፊት ይጠርጋል። ካፒቴኑ ሰማዩን ያያል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ሾጣጣ ይሆናል፥ ጀልባዋንም ቶሎ ቶሎ ይመታታል። ነፋሱ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከቀትር በኋላ ስለ ሆነ የሐይቁ ሰዎች ሁሉ፥ ባለታንኳውም ባለሞተሩም፥ ጠዋትን ይመርጣሉ። ጠዋት በአንድ ሰዓት የዘገየ ጀልባ ከሰዓት በኋላ የሚከፍለው ዕዳ አለበት።

ከዚያ ጭነቱ ይመጣል። የመንገደኛ ጀልባ ስንል የምናስበው ሰው ብቻ ነው፤ የደሴት ጀልባ ግን የጭነት መኪናም ጭምር ናት። ጤፍ በጆንያ፥ ጨው፥ ሳሙና፥ የለስላሳ ሣጥን፥ ቆርቆሮና ሚስማር፥ የታሰረ ፍየል፤ ሲመለስ ደግሞ ማንጎና እህል፥ ዶሮና እንቁላል ይጫናል። ረዳቱ ከባዱን ወደ ታችና ወደ መካከል፥ ቀላሉን ወደ ላይ ማድረግ አለበት። ይህ ለሥርዓት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ክብደት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጀልባ ዘንበል ስትል የመመለስ ኃይሏ ይቀንሳል። በመጨረሻ ሰው ይገባል፦ ጥላ የያዙ ካህናት፥ ቦርሳ ያነገቡ ተማሪዎች፥ የሠርግ ሚዜዎች፥ አንዳንድ ጊዜም በቃሬዛ የተኛ በሽተኛ። ቃሬዛውን ከዳር ወደ ጀልባ በአንዲት ሳንቃ ላይ ማስገባት ከጉዞው ሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው። የሐይቁ ውኃ በክረምትና በበጋ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ስለሚል፥ በመስከረም የተመቸ መውረጃ በግንቦት ደረቅ ላይ ቀርቶ ይገኛል። ከውኃው ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መቆሚያ በደቅ ቢሠራ፥ እንደ እኔ ግምት፥ ከአንድ ተጨማሪ ሞተር ይበልጥ ጊዜ ያተርፋል፤ ለነፍሰ ጡሯና ለበሽተኛው ደግሞ ከጊዜም በላይ ነው።

ስለ ፍጥነት ሒሳብ ጥቂት ልበል፤ የሳይንስ ተማሪዎች ብትታገሡኝ። በውኃ ላይ የሚሄድ ተራ ጀልባ ፍጥነቱን እጥፍ ለማድረግ ሲፈልግ፥ የውኃው ተቃውሞ ወደ አራት እጥፍ፥ ከሞተሩ የሚፈለገው ጉልበት ደግሞ ወደ ስምንት እጥፍ ይደርሳል። መንገዱን በግማሽ ጊዜ ስለሚጨርስ ለአንድ ጉዞ የሚያወጣው ነዳጅ አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ግምት እንጂ ለእያንዳንዱ ጀልባ የሚሠራ ሕግ አይደለም፤ ቀጫጭን ሁለት አካላት ጎን ለጎን ተጣምረው የሚሠሩት ካታማራን የተባሉት ጀልባዎችና ከውኃው ላይ ተነሥተው የሚንሸራተቱት ትንንሾቹ ከዚህ ሒሳብ በከፊል ያመልጣሉ። ቢሆንም ፍጥነት በነዳጅ የሚገዛ ዕቃ መሆኑ አይቀርም፤ ነዳጁ ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ በቦቴ ባሕር ዳር የሚደርስ ነው። በዚህ ላይ የጣና ከፍታ አለ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,786 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፥ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ አየር ካነሰው ሞተር ጉልበት ይጎድላል። ውኃውም ጨዋማ ስላልሆነ ከባሕር የመጣ ጀልባ እዚህ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ በወረቀት ላይ የተጻፈ ፍጥነት በጣና ላይ እንዳለ አይገኝም።

ሌላም ነገር አለ። ፈጣን ጀልባ ከኋላው የሚጥለው ማዕበል ታንኳ ላይ ላለው ሰው ቀልድ አይደለም። እንጨት ወይም ፍግ የመሰለ ጭነት ጭኖ በዝግታ የሚቀዝፍ ባለታንኳ፥ ጎብኚ የጫነች ትንሽ ፈጣን ጀልባ በአጠገቡ ስታልፍ ቀዘፋውን ትቶ ሚዛኑን ይጠብቃል። ደኅና ካፒቴን ታንኳ ሲያይ ሞተሩን ቀነስ ያደርጋል፤ ሁሉም ግን ደኅና አይደለም።

በጣና ላይ ፈጣን ጀልባ ጨርሶ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ጎብኚ የሚያደርሱ፥ በግለሰቦችና በማኅበራት የተያዙ ትንንሽ ጀልባዎች ከባሕር ዳር ዳርቻ ሞልተው ነበር። እነዚህ ለከፈለ ሰው በፈለገው ሰዓት ይነሣሉ። የሕዝቡ ጀልባ ዝግተኛው፥ የእንግዳው ጀልባ ፈጣኑ ሆኖ ኖሯል። ይህ እንዲሁ የተፈጥሮ ነገር ነው የሚል ሰው ካለ ወደ ዛንዚባር ይመልከት። ከዳሬሰላም ወደ ዛንዚባር በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለሱ ትላልቅ ካታማራኖች አሉ፤ ባሕሩን በሁለት ሰዓት ገደማ ያቋርጣሉ። በአንዱ ጀልባ ላይ ጎብኚውና ነጋዴው አብረው ይሳፈራሉ፤ ልዩነቱ የውጭ አገር ሰው የሚከፍለው ከአገሬው ሰው የሚበልጥ መሆኑ ነው። እንግዳው ለፍጥነቱ ይከፍላል፥ የደሴቱ ሰው ደግሞ በመመላለሱ ብዛት ይጠቀማል። ዛንዚባር ትልቅ አገር ናት፥ ደቅ ትንሽ ናት፤ ማነጻጸሩ እስከ ምን ድረስ እንደሚሄድ አይጠፋኝም። ነገር ግን የጎርጎራ ማረፊያ ተሠርቶ እንግዳ በሚጠበቅበት ጊዜ፥ የእንግዳውና የደቅ ሰው ጀልባ አንድ ይሁን ብሎ መጠየቅ ከባድ ነገር አይመስለኝም።

የጀልባ ኑሮ በራሱ በሐይቁ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ ስለ ውኃውም ልናገር። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ የውኃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። ዓላማው በበጋም ሆነ በክረምት ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች በቂ ውኃ እንዲለቀቅ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ ሲያንስ ለኃይል ማመንጫው የሚለቀቀው ውኃ ስላልቀነሰ የሐይቁ ወለል እጅግ ወረደ። የጣና መርከቦች ለመሥራት ውኃው ቢያንስ 1,785 ሜትር ላይ መገኘት ነበረበት፤ ከዚያ በታች ስለ ወረደ የመርከብ ጉዞ ለአራት ወር ያህል ተቋረጠ። ደንገሉም በብዙ ቦታ ጠፋ። እስቲ አስቡት፤ አዲስ አበባ ላይ፥ ሰበታም ላይ አምፑል ሲበራ ደቅ ላይ ጀልባ ቆመ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ውኃ የሚወስደው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት ለማመንጨት ተመረቀ። መብራት አይኑር የሚል ከእኛ መካከል የለም፤ እኔም በመብራት ነው ይህን የጻፍኩት። የምለው ውኃው ሲከፋፈል ከተርባይኑ ጋር ጀልባውም እንደ አንድ ባለ መብት ይቆጠር ነው።

ከዚያም በ2004 ዓ.ም. እንቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ ታየ። በይበልጥ የተጠቃው ሰሜኑና ምሥራቁ ዳርቻ፥ በደንቢያና በፎገራ በኩል ያለው ነው። ለጀልባ እንቦጭ ማለት በኤሊካው ላይ የሚጠመጠም ገመድ፥ በማቀዝቀዣው ወንፊት ላይ የሚለጠፍ ጭቃ ነው። ሞተሩ ይግላል፥ ካፒቴኑ ያጠፋዋል፥ ረዳቱ ልብሱን አውልቆ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ በጣና ጉማሬ እንዳለ አትርሱ። ለአረሙ ዘመቻ ብዙ ገበሬ በእጁ ነቅሎታል፥ ማሽንም መጥቷል፤ አረሙ ግን በነፋስ የሚሄድ ስለ ሆነ ዛሬ ከዚህ ቢነቀል ነገ ከወዲያ ተገፍቶ ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ደግሞ ከአረሙም ከድርቁም የከፋ ሆነ፤ እንግዳ ሲቀር የጎብኚ ጀልባዎች ሥራ አጡ።

አሁን የመጨረሻውና የሚያሳስበኝ ነገር ላይ ደርሻለሁ። ጀልባ በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ስትመጣ ሰው ሁሉ በዚያች ቀን መሳፈር አለበት። ረዳቱም «ሞልቷል» ለማለት ይቸገራል፤ የቀረ ሰው ሳምንት ይጠብቃልና። ትርፍ መጫን የሚጀመረው ከዚህ ነው። እኛ ትርፍን እናውቀዋለን፤ በሚኒባስ ውስጥ በጉልበታችን መካከል በርጩማ ተሰክቶ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ስንባል ኖረናል። መኪና ግን ብዙ ሰው ቢጫን መሬቱ ይሸከመዋል። ውኃ እንደዚያ አይደለም።

በታንዛንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ የሆነውን ላስታውሳችሁ። በ1988 ዓ.ም. «ቡኮባ» የተባለችው መርከብ ስትሰጥም በመቶ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ «ኔሬሬ» የተባለችው የደሴት ጀልባ ወደ ኡካራ ደሴት ስትጓዝ፥ መድረሻዋ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች። እንድትይዝ የተፈቀደላት 101 ሰው ነበር፤ የሞቱት ብቻ ከ220 በላይ ናቸው። ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ጠላቂዎች በተገለበጠችው ጀልባ ውስጥ፥ አየር በቀረበት ትንሽ ቦታ፥ አንድ የጀልባዋን መሐንዲስ በሕይወት አገኙት። ስለዚህ አደጋ ሳነብ ያስደነገጠኝ ስፍራው ነው፤ አደጋው የደረሰው በመካከለኛው ባሕር አይደለም፥ በማዕበልም አይደለም፥ ሰው ዕቃውን አንሥቶ ለመውረድ በሚዘጋጅበት ቦታ ነው። ከመጠን በላይ የተጫነች ጀልባ ውስጥ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ጎን ከተነሣ ያው ይበቃል። የገበያ ቀን፥ ትንሽ ጀልባ፥ ብዙ ሰው፤ ይህ ሁሉ በደቅም አለ።

ስለዚህ ደኅንነት የሚጀምረው ከሕይወት አድን ጃኬቱ ቀድሞ ከጊዜ ሠሌዳው ነው እላለሁ። (ጃኬቱም ቢሆን ከወንበር ሥር ተቆልፎበት ሳይሆን ሰው ደረት ላይ ቢሆን ይሻላል።) ነገም ጀልባ እንዳለ የሚያውቅ ሰው ዛሬ ሞልቷል ሲባል ይመለሳል፤ እንደማይኖር የሚያውቅ ሰው ግን ገፍቶ ይገባል። ይህን ለማወቅ ወደ ታንዛንያ መሄድ አያስፈልግም፤ ማታ በ2 ሰዓት አየር ጤና ላይ የመጨረሻው የሰበታ መኪና ሲመጣ ቆሞ ማየት ይበቃል።

ስለ ጣናነሽ የሚጠየቀውን ጥያቄ እንዲህ ብዬ ላቅርብ። 188 ሰው መያዟ መልካም ነው። ነገር ግን ትልቅ ጀልባ በሳምንት አንድ ጊዜ 188 ሰው ከምታመላልስ፥ መካከለኛ ጀልባ በየቀኑ 40 ሰው ብታመላልስ ለደቅ ሰው ይበልጥበታል። በሳምንት ውስጥ የሚጓጓዘው ሕዝብ 280 ይሆናል፤ ከሁሉም በላይ ያቺ ባለ ዶሮ እናት ጠዋት ወጥተው ማታ ቤታቸው ያድራሉ። ትልቋ ጀልባ ከጎርጎራ እስከ ባሕር ዳር ያለውን ረጅሙን መንገድ ትያዝ፤ ደቅ ደግሞ የራሱ የሆነች፥ እዚያው ደሴቱ ላይ የምታድር ጀልባ ትኑረው። እዚያው የምታድር ያልሁት በምክንያት ነው። ጀልባዋ ባሕር ዳር ካደረች ጠዋት መጀመሪያ የምታገለግለው የከተማውን ሰው ነው፤ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴትም ጀልባ የሚመጣላት ከነጋ በኋላ ነው። ደቅ ካደረች ግን ካፒቴኑም መካኒኩም እዚያው ይኖራሉ፤ የደሴቱ ልጆችም ሙያውን ይማራሉ።

ነዳጁን ማን ይክፈለው የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኛ በከተማ አውቶቡስ የምንሳፈረው በቲኬታችን ዋጋ ብቻ እየሄደ አይደለም፤ መንግሥት ይደጉመዋል። ከአዲስ አበባ መሐል እስከ ዳር ለሚመላለስ ሰው የሚደጎመው ገንዘብ ከደቅ እስከ ባሕር ዳር ለሚመላለስ ሰው የማይደጎምበት ምክንያት ምን እንደ ሆነ የኢኮኖሚ ተማሪዎች ቢያስረዱኝ ደስ ይለኛል። እስካሁን የሰማሁት ምክንያት የደቅ ሰዎች ጥቂት ናቸው የሚል ብቻ ነው።

ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን እያሳዩኝ ነው፤ የሱሉልታ ልጆችም ከአዲሱ ገበያ የሚነሣውን መኪና እያሰቡ መሆናቸው ከፊታቸው ይነበባል። ስለ ደንገሉ አስተሣሠርና ስለ ታንኳ ሠሪዎቹ የያዝሁትን ጽሑፍ ለሚፈልግ ሰው ከስብሰባው በኋላ አሳያለሁ። አሁን ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ።